«አይነሱ» የሚል ደግነት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው ታላቁ የመንግሥት ሆስፒታል ስያሜውን የወረሰው ከመስፍን ወይም ከሐኪም ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ካጠለቀችው ከጥሩነሽ ዲባባ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱን አሞት በዚያ ደጅ የሚገባ ሽማግሌ ሁሉ፣ ወዴት ትሄዳለህ ቢሉት፣ የአንዲት ሯጭ ስም ጠርቶ ይመልሳል። ይህ አጋጣሚ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ከፈገግታው ባሻገር አንድ ቁም ነገር አለበት፤ ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ያለው ፈውስ፣ ምንም እንኳ በርጋታ የሚሄድ ቢሆን፣ በልምምድ እንጂ በመተኛት አይገኝምና።

የዚያ አካባቢ ሰው ጉልበቱን የሚያሠራ ሰው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትውልድን በፈረቃ ከማሽን ፊት ሲያቆም ኖሯል፤ ከፋብሪካው ወዲያ በተዘረጋው ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው በክረምት ጭቃ እየተንበረከከ ያርማል፤ በቤት ውስጥ እናቶች በበርጩማ ላይ ዝቅ ብለው እህል ይለቅማሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ በዐቢይ ጾምም ምእመናን በስግደት ይወድቃሉ ይነሣሉ። ሥራ ብቻውን ጉልበትን ይበላል ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የዘር ውርስ፣ በወጣትነት የደረሰ ስብራት ወይም የጅማት መበጠስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል ጫፎቻቸውን የሸፈነው ልሙጥ ልም አጥንት የራሱ ደም ሥር ስለሌለው፣ አንድ ጊዜ ከተበላ አካላችን እንደ ቆዳ ቁስል መልሶ ሊሞላው አይችልም፤ አጥንትና አጥንት ሲፋተግ ጉልበት ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ ሌሊት ያነቃል። ክብደትን በተመለከተ አንድ የተረጋገጠ ነገር ቢኖር፣ ከሰውነት የሚቀነስ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና የሚያነሣ መሆኑ ነው።

ሕዝባችን ይህን ሕመም በጥቅሉ ቁርጥማት ይለዋል፤ መድኃኒቱንም በሙቅ ውሃ ሲፈልግ ኖሯል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰው ከብርዳሙ እንጦጦ ወርዶ በዚያ ይታጠብ ነበርና፣ ዋና ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው የታመመ አካል በሚሞቅበት ምንጭ ዳር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሙቀቱ ሕመምን ያስታግሣል፤ የተበላውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። በዚህም ምክንያት፣ ማስታገሻው፣ ልምምዱና መርፌው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ የሚባለው ቀዶ ጥገና ይመጣል።

ጥበቡ ከሚመስለው በላይ የቆየ ነው። ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በበርሊን ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ማጠፊያ ያለው ጉልበት በሕመምተኛ እግር ውስጥ ተክሎ ነበር፤ ነገር ግን ያከማቸው ሕሙማን መገጣጠሚያቸው በነቀርሳ (በቲቢ) የተጎዳ ስለነበር ሥራው በመመረቅዝ ከሸፈ። ዛሬ ለሚሠራበት ዓይነት መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ጆን ኢንሶልና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ሥራ እስከ አሁን አርአያ ነው። የጭኑ ጫፍ የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ልባስ ይደረግለታል፤ የቅልጥሙ ራስ ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም ይቀመጥበታል፤ በመካከላቸውም እንደ ልም አጥንት የሚያገለግል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። «ጉልበቷን ቆርጠው ጣሉት» ተብሎ በየሰፈሩ የሚወራው እውነት አይደለም፤ የሚነሣው የተበላው ገጽ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የጎኑ ጅማትና ጡንቻው የባለቤቱ እንደ ሆነ ይቀራል። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚያካሂዱ የአጥንት ሐኪሞች አሉ፤ አቅም ያለው ደግሞ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይሄዳል፤ በአሜሪካ ልጅ ያላት እናትም ወደዚያ ትወሰዳለች።

ቀዶ ጥገናው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቀሪው ግን የወራት ሥራ ነው፤ የወራቱም ሥራ የሚሠራው በቤት ውስጥ፣ በሕመምተኛው ፈቃድና በቤተ ሰቡ ጠባይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በአገራችን ይህን ሥራ ከብረቱ ጥራትና ከሐኪሙ እጅ ይልቅ የሚፈትነው ደግነታችን ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ዕድሜዋን በፋብሪካ አሳልፋ ጡረታ የወጣች፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከልጇ ጋር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ከሆስፒታል በተመለሰች ማግስት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ጎረቤቱ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ይገባል፤ ልትቀበለው ከአልጋዋ ቀና ብትል «ኧረ በሞቴ! አይነሱ!» ይላል። ልጅቱ ውሃ ከአጠገቧ፣ ምግብ ከእጇ፣ ፖፖ ከአልጋዋ ሥር ታኖርላትና «እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ፤ እኔ አለሁ» ትላታለች። ከጉልበቷ ሥር ደግሞ፣ ደልደል ብሎ እንዲቀመጥላት፣ ወፍራም ትራስ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ከዚህም የሚበልጥ የልጅ ወግ የለም። ነገር ግን በ3ኛው ሳምንት ያች እናት ጉልበቷን መዘርጋት ተስኗት፣ እያነከሰች፣ «ለምን በከንቱ ተሠራሁ» ስትል ብትገኝ፣ ከሐኪሙ ይልቅ ትራሱ ይጠየቃል።

ትራሱን በተለይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ የተሠራ ጉልበት ውሃ ቋጥሮ ስላበጠ በከፊል ታጥፎ መቀመጥ ይወዳል፤ በዚያ መልክ ታጥፎ ቀናትን ካሳለፈ፣ ከኋላው ያለው ሥጋ ያጥራል፣ ጠባሳው ይጠነክራል፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ አይችልም። የማይዘረጋ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሆኖ ይራመዳል፤ ወገቡም አብሮ ይታመማል። ስለዚህ ትራሱ ወይም ተጠቅልሎ የታሰረው ጋቢ መግባት ያለበት ከጉልበት ሥር ሳይሆን ከተረከዝ ሥር ነው፤ ያን ጊዜ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘረጋል። ደስ አይልም፤ ይጎትታል፤ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በየጊዜውም ጥቂት ደቂቃ ቢታገሡት ግን ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

ሌላው ነገር ጡንቻ ነው። ከጭን ፊት ለፊት ያለው ታላቁ ጡንቻ፣ የጉልበትን ሎሚ ይዞ እግርን የሚዘረጋው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያጣል። ሕመሙና እብጠቱ ከአእምሮ የሚመጣውን ትእዛዝ ያፍኑታልና፣ ሕመምተኛዋ እግሯን ለማንሣት ፈልጋ እግሯ እንደ እንግዳ ሰው እግር ዝም ሲላት ትደነግጣለች። ይህ የሚጠበቅ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ እግርን ዘርግቶ የጉልበትን ጀርባ ወደ ፍራሹ መጫን፣ ጭንን አጥብቆ እስከ አምስት መቁጠር፣ ከዚያ መልቀቅ። ከውጭ ሲታይ ምንም የተሠራ አይመስልም፤ ጠያቂውም ተኝታለች ብሎ ወሬውን ይቀጥላል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሥራ የሚጀምረው በዚያው በሆስፒታል፣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገናው ዕለት ወይም በማግስቱ ነው። «እማማ፣ በዎከሩ ይደገፉና ቀስ ብለው ይቁሙ፤ ብረቱ ይችልዎታል» ይላል፤ እሳቸውም ሲሚንቶው እንዳይለቅ ፈርተው በአንድ እግር ይንጠለጠላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ ነው። አጥንቱንና ብረቱን የሚያያይዘው የሕክምና ሲሚንቶ በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ሐኪሙ በተለየ ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር እግሩ በመጀመሪያው ቀን ክብደት ይሸከማል። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ ቁርጭምጭሚትን በየሰዓቱ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ይህም የባትን ደም እየገፋ እንዳይረጋ ይረዳል።

ጉልበትን ማጠፍ የሚፈራው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በአልጋ ላይ ወይም በልሙጥ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በካልሲው ላይ ፌስታል አጥልቆ ወይም ከተረከዝ ሥር ፌስታል አንጥፎ፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፤ ፌስታሉ ፍትጊያውን ስለሚያስወግድ እግሩ ሳይጎተት ይንሸራተታል። ቆዳው ሲወጠር፣ ስፌቱ ሲያሳክክ፣ ሕመሙ ሲመጣ ይቆማል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ይመለሳል። ባለሙያዎች የሕመም መጠን ከ0 እስከ 10 ቢለካ እስከ 4 ወይም 5 ድረስ የሚደርሰውን ይታገሡት፤ ከዚያ በላይ የሚሄደውን፣ በተለይም ሌሊቱን ሙሉ እብጠት የሚጨምረውን ልምምድ ግን ቀንሱት ይላሉ። ርኅራኄ የሚባለው ይህ ነው እንጂ ሕመሙን ሁሉ መሸሽ አይደለም። ከልምምዱ በኋላ በረዶ በፌስታል ተደርጎ፣ በነጠላ ወይም በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቀመጣል፤ በረዶው በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ማጠፉ ለምን እንደሚያስፈልግ በዲግሪ መናገር ይቻላል። በደልዳላ ቦታ ለመራመድ 65 ወይም 70 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ ከወንበር ለመነሣትና ደረጃ ለመውጣት 90 ያህል ያስፈልጋል፤ ደረጃ ለመውረድ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። በደንብ የተሠራና በደንብ የተለማመደ ጉልበት በአብዛኛው 110 ወይም 120 ይደርሳል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ የውጭው መጽሐፍ የጻፈው ውጤት ለውጩ ሰው ቤት የሚበቃ ሲሆን፣ በበርጩማ ለሚቀመጥና ቁጢጥ ተብሎ የሚኬድ ሽንት ቤት ላለው ሰው አይበቃም። ይህ እውነት ከቀዶ ጥገናው በፊት መነገር ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማም። ሽንት ቤቱን ማስተካከል አስቀድሞ ቢታሰብበት ለመሥራት አስቸጋሪ አይደለም፤ መካከሉ የተቆረጠ ወንበር እንኳ ይበቃል። የቡናውም ነገር ቢሆን፣ ረከቦቱ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥና አፍይዋ በወንበር ብትቀመጥ ሥርዐቱ የሚፈርስ አይመስለኝም፤ አያቶች ግን በዚህ ቅር ሊሰኙ ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ ኮንዶሚኒየሙ ይመጣል። በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ በሚገኙት አብዛኞቹ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃዎች ውስጥ ሊፍት የለም፤ ስለዚህ ከሐኪም ዘንድ ለመቅረብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፣ ወይም ለጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ ደረጃው መወጣትና መውረድ አለበት። ሥርዐቱ አንድ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ወደ ታች ሲወረድ የታከመው ይቀድማል፤ ምርኩዙም ከታከመው እግር ጋር አብሮ ይሄዳል። ጤነኛው እግር ሰውነትን የማንሣቱንም፣ ቀስ አድርጎ የማውረዱንም ሥራ ይሠራል። አንዱ እጅ መደገፊያውን ይዞ፣ ረዳቱ ሲወጣ ከኋላ፣ ሲወረድ ከፊት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። የደረጃው መደገፊያ የላላ ከሆነ ከሆስፒታል ከመመለስ በፊት ይጠገን።

ከዘራ የሚያዘው በታከመው እግር በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይስታል። ቁመቱም ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከእጁ አንጓ ጋር የሚተካከል መሆን አለበት፤ የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ለቁመተ ጸሎት የተሠራ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ይረዝማልና ትከሻን ያነሣል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ ከጫማ ሥር ተጣብቆ እግርን ያከብዳል፣ ያንሸራትታልም፤ ከከዘራው ጫፍ ላይ የጎማ ቆብ ይደረግ፣ ጫማውም ተረከዙ የሚያዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ይሁን። ቀዶ ጥገናውን ለመምረጥ ጊዜ ያለው ሰው ወሩን እንዲመርጥም እመክራለሁ፤ ከክረምት ይልቅ ጥቅምት ይሻላል።

ስለ ወጌሻ አለመናገር አይቻልም። ዘመናዊ ሕክምና ባልነበረበት ዘመን የተሰበረውንና የወለቀውን ሲጠግን የኖረ ባለ ሙያ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ያለው እምነት በዋዛ የሚታይ አይደለም፤ በኔም በኩል ክብር አለኝ። ነገር ግን አዲስ በተሠራ ጉልበት ላይ እጁ እንዳይደርስ አጥብቄ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ጉልበቱን በኃይል ቢያጥፈው ስፌቱ ሊፈታ፣ ጅማቱም ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ባቱ ላይ የረጋ ደም ካለ፣ በማሸቱ ተላቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም ገዳይ ነው። ባት በአንድ ወገን ሲያብጥ፣ ሲያምና ሲሞቅ ወጌሻ ይጠራ ከማለት ፈንታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ ድንገተኛ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ሲመጣም ለአንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም። ቁስሉ እየቀላ ቢሄድ፣ ውሃ ወይም መግል ቢፈስ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢጀምርም እንዲሁ ነው።

ከውጭ አገር ታክመው የሚመለሱት ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ በረጅሙ በረራ ላይ እግርን ማንቀሳቀስና ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት መውሰድ ይረሳሉ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱም፣ የጀመሩት ፊዚዮቴራፒ በዚያው በተወለደበት ይቀራል። ልምምዱን የሚያስተምር ባለሙያ በአገር ውስጥ የለም ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ። ቁጥራቸው ለሕዝቡ አይበቃም፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ባለሙያ አይቶ ቢያርመው፣ ቀሪውን ቀን ሰው ራሱ በቤቱ ሊያሳልፈው ይችላል።

ጾም የሚያዝበት ወራት ከሆነ፣ አንዳንድ እናቶች የጠዋቱን መድኃኒት እስከ ቅዳሴ መውጫ ያቆዩታል፤ ሕመሙ በርትቶ ልምምዱ እንዳይሠራ ይከለክላቸዋል፤ ደም የሚያቀጥነውም በሰዓቱ ሳይወሰድ ይቀራል። የንስሐ አባት ለሕሙም ጾምን ያላላሉና ጉዳዩን ለእሳቸው መንገር ነው። ቁስል እስኪጠገን ሰውነት ገንቢ ምግብ ይፈልጋል፤ ሥጋና ወተት ካልተበላ ምስሩ፣ ሽሮውና ባቄላው በበቂ መጠን ይበላ። ጸበልም ቢሆን፣ ስፌቱ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ተፈትቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ እግሩን አይንካው፤ ይጠጣ እንጂ አይነከር። ጥርስ ሲታመም ወይም እግር ላይ ቁስል ሲመረቅዝም በቶሎ መታከም ያስፈልጋል፤ በደም ውስጥ የገባ ጀርም በብረቱ ላይ ማረፍ ይችላልና።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰው በ6 ሳምንት ገደማ ያለ ዎከር ይሄዳል፣ በ3 ወር ውስጥ ወደ ዕለት ሥራው ይመለሳል፤ እብጠቱና ሙቀቱ ግን እስከ 6 ወር፣ ጥንካሬው እስከ አንድ ዓመት ድረስ መሻሻሉን ይቀጥላል። ከጠባሳው በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጉልበቱ አንዳንዴ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሁለቱም አያስደነግጡም። ከ5 ሰው አንዱ ያህል በውጤቱ ሙሉ በሙሉ የማይረካ መሆኑን አልደብቅም። ነገር ግን ከተተከሉት ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም ሥራ ላይ እንደሚገኙ ተመዝግቧልና፣ ለአንዲት የ60 ዓመት እናት የሚሰጠው ዕድሜ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ዕድሜ አይደለም፤ «መስገድ እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። ወድቆ መነሣት የሚፈልገው የዐቢይ ጾም ስግደት ያስቸግራል፤ በአስተብርኮ መንበርከክ ግን፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ከ3 ወር በኋላ ሊሞከር ይችላል፤ ብረቱ የሚጎዳ ስለሆነ አይደለም ሰው የሚተወው፣ ጠባሳው ስለሚያም ወይም ስለሚደነዝዝ ነው እንጂ። መጀመሪያ በአልጋ ላይ፣ ከጉልበት በታች የታጠፈ ጋቢ ተደርጎ፣ እጅ ወንበር ይዞ ይሞከራል፤ ለመነሣትም ጤነኛው እግር ይቀድማል። ቢያም ለሌላ ወር ይቆያል፤ ከ6 ወር በኋላም ካልተቻለ፣ ቆሞ በራስ ጎንበስ ማለት በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ያለ ነው።